ስለ ቀራጭ አጉሊ መነጽር አመራረጥ፤ ከአባት ለልጅ የተጻፈ ምክር

ይድረስ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ የራሱን የመስቀል መቅረጫ ቤት ለመክፈት ለተነሣው ልጅ።

አንድ ሰው የአንጥረኛነትን ሙያ ተምሮ በራሱ ስም ሥራ ሲጀምር፣ ያለውን ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ በምን ላይ ማዋል እንዳለበት ሲመክር የሚያስበው ስለ መዶሻው፣ ስለ መቅረጫ ብረቱና ስለ ብሩ ዋጋ ነው፤ ሥራው የሚታይበት መነጽር ግን በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ፣ ከተገኘው ሱቅ ይገዛል። ይህ ልማድ ብዙዎችን ጎድቷል፤ ምክንያቱም የደነዘ መቅረጫ በጥቂት ደቂቃ ይሳላል፣ የተበላሸ ብርም ቀልጦ እንደገና ይፈስሳል፣ በማይስማማ መነጽር ላይ ለዓመታት አቀርቅሮ የጎበጠ አንገት ግን በቀላሉ አይቃናም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሌላውን መሣሪያ ሁሉ ለጊዜው ትቶ ስለ አጉሊ መነጽር፣ ማለትም የእጅ ባለሙያዎች ሉፕ ስለሚሉት፣ ዓይን ብቻውን የማይለየውን ጥቃቅን ነገር አጉልቶ ስለሚያሳየው የመስታወት መሣሪያ ብቻ ይናገራል፤ ይህንንም የሚያደርገው ልጅ ከሁሉ በፊት ሊገዛው የሚገባ ዕቃ እርሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ዓይን ምን ማየት እንዳለበት ሳይታወቅ መነጽር መምረጥ አይቻልም። በንግሥ ቀን በረጅም እንጨት ላይ ተሰክቶ የሚወጣው የመጾር መስቀል ሰፊ ስለሆነ፣ በላዩ የሚቀረጸውም ጭረት ከሩቅ እንዲታይ የታሰበ በመሆኑ፣ ጤናማ ዓይን ላለው ወጣት ብዙ ማጉያ አያስፈልገውም። ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለእመቤታችን የሚሰጠው ክብር በሥርዓት እየጸና ሲሄድ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመው የሚታዩባቸው በጭረት የተቀረጹ መስቀሎች በርክተዋል፤ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለውን ሰፊ የመስቀል ስብስብ ልጅ ሄዶ ቢመለከት፣ የክንፉ ላባና የልብሱ እጥፋት በምን ያህል ጥቂት ጭረት እንደተነገረ ያስተውላል። የአንገት መስቀል ግን ሌላ ነገር ነው። ስፋቱ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ክርስትና የሚያስነሡ ወላጆችም በጀርባው የሕፃኑን የክርስትና ስም ማስቀረጽ ስለሚወዱ፣ ቀራጩ ቁመታቸው 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ፊደላትን በአንድ መስመር መደርደር ይኖርበታል።

የፊደላችን ጠባይ እዚህ ላይ ይፈትናል። "ወልደ ሚካኤል" የሚለው ስም ሲቀረጽ፣ በ"ኤ" ቀኝ እግር ላይ የሚንጠለጠለው ቀለበት ፊደሉ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የመቅረጫው ጫፍ ቀለበቱን ዞሮ ሳይዘጋ ከቀረ ወይም ውስጡን ከደፈነው፣ አንባቢው "ኢ" ሊያነብ ይችላል፣ የመልአኩም ስም በሕፃኑ አንገት ላይ ለዕድሜ ልክ ተሳስቶ ይኖራል። ጤናማ የሰው ዓይን በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ነገር ሲሆን፣ የጥሩ ቀራጭ ቀጭን ጭረትም ወርዱ ያንኑ ያህል ነው። ይህም ማለት ያለ መነጽር የሚሠራ ሰው ጭረቱ መኖሩን ያያል እንጂ የጭረቱን ሁለት ጠርዞች ለያይቶ አያይም ማለት ነው። ጠርዞቹን ለይቶ ለማየት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል፤ ምክሩም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሻጮች ከዚህ የተለየ ነገር መናገራቸው አይቀርም። በመርካቶም ሆነ በሌላ ገበያ 10 እጥፍ፣ 20 እጥፍ፣ 30 እጥፍ የሚል ቁጥር የታተመባቸው ሉፖች ተደርድረው ሲታዩ፣ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን በማጉያ መስታወት ባሕርይ ኃይል በጨመረ ቁጥር ርቀት ይቀንሳል። ርቀት ሲባል እዚህ የትኩረት ርቀት ማለት ነው፤ ይህም ሌንሱ፣ ማለትም ጎበጥ ያለው መስታወት፣ ነገሩን አጥርቶ ለማሳየት ከነገሩ ሊርቅ የሚገባው መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰው በቅርብ ሲያነብ የሚይዘው ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ስለሚወሰድ፣ 25ን በሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል የማጉላት ኃይሉን ይሰጣል። የትኩረት ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌንስ 2.5 እጥፍ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነው 5 እጥፍ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ 10 እጥፍ ያጎላል። በ2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ግን በሌንሱና በመስቀሉ መካከል የቀራጩ እጅ አይገባም፣ መቅረጫው አይገባም፣ ብርሃንም በራሱ በቀራጩ ግንባር ይጋረዳል፤ ከመቅረጫው ጫፍ የሚፈናጠረው የብር ፍቅፋቂም ከዓይን አጠገብ ይሆናል። ልጅ ስለዚህ ሱቅ ሲገባ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ከመጠየቁ በፊት በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደሚሠራ ይጠይቅ።

ይህ ጥያቄ የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ አምራቾች ከላይ በተነገረው ስሌት ላይ አንድ ይጨምራሉ፤ የሚጨምሩትም ዓይን ራሱ ወደ ቅርብ ተጠግቶ በማየት ችሎታው መነጽሩን በማገዙ ነው፤ በዚህም የተነሣ አንድ ዓይነት መስታወት በአንዱ ሣጥን ላይ 2.5፣ በሌላው ላይ 3.5 ተብሎ ይጻፋል፣ ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። በራስ ላይ በቀበቶ የሚታሰሩትና በሁለት ዓይን የሚታይባቸው መነጽሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ የሚሠራውና በዓለም ዙሪያ አንጥረኞች የሚገለገሉበት ኦፕቲቫይዘር፣ ደግሞ ሌላ ቁጥር አላቸው። በዚህ መነጽር ላይ የሚታየው 3፣ 5፣ 7 ወይም 10 የሚል ምልክት የእጥፍ ቁጥር ሳይሆን የሌንሱን ጥንካሬ የሚያመለክት ነው፤ 3 ቁጥር 1.75 እጥፍ እያጎላ በ36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 5 ቁጥር 2.5 እጥፍ እያጎላ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 10 ቁጥር 3.5 እጥፍ እያጎላ በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሠራል። ይህን የማያውቅ ገዥ 10 ቁጥርን 10 እጥፍ ነው ብሎ ወስዶ ቤቱ ሲደርስ አፍንጫውን ከብሩ ጋር ሊያገናኝ ይገደዳል። ለአንገት መስቀልና ለቀለበት ቀረጻ በ20 ሳንቲ ሜትር የሚሠራው መነጽር ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ለመጾር መስቀል ደግሞ በ25 ወይም በ36 ሳንቲ ሜትር የሚሠራው ይስማማል፣ ሰፊውን ገጽ በአንድ እይታ ያሳያልና።

በሁለት ዓይን ማየት ለቀራጭ ቅንጦት አይደለም። ሰው የአንድን ነገር ጥልቀት በሚገባ የሚለየው ሁለቱ ዓይኖቹ ከተለያየ ማዕዘን የሚያመጡትን ምስል አንጎል ሲያገናኘው ነው፤ ቀራጭም የሚሠራው ሥራ ከሁሉ በላይ የጥልቀት ሥራ ነው፣ የጭረቱ ቦይ በወፍራሙ ቦታ ዝቅ፣ በቀጭኑ ቦታ ከፍ እያለ ሲሄድ ነው ምስሉ ሕይወት የሚያገኘው። ሰዓት ሠሪዎች በአንድ ዓይን ጉድጓድ የሚያስቀምጡት ጥቁር ሉፕ ሥራቸውን ያሟላል፣ እነርሱ የሚያነሡትና የሚያስቀምጡት ጥርስና ብሎን ነውና፤ ቀራጭ ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይን ሲሠራ የመቅረጫውን ዘልቆ መግባት በግምት ይመዝናል፣ የተዘጋው ዓይንም ይደክማል። ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት ሌላው ነገር የጥራት ጥልቀት ነው፤ ይህም በመነጽሩ በኩል ከፊትና ከኋላ ሳይደበዝዝ የሚታየው የቦታ ውፍረት ሲሆን፣ ኃይሉ ሲጨምር በፍጥነት ይሳሳል። የእጅ መስቀል ገጹ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ስላልሆነ፣ ጥራቱ በሳሳ መነጽር ስር አንዱ ክንድ ጠርቶ ሲታይ ሌላው ይጠፋል፣ ቀራጩም ራሱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ይውላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን 10 እጥፍ የሚያጎላው ትንሹ የኪስ ሉፕ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው እንጂ። እርሱ የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። ከአንድ ሌንስ ብቻ የተሠራ ርካሽ ሉፕ ብርሃንን እንደ ቀለሙ ስለሚበትን በነገሩ ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ብርቱካን ቀለም ያሳያል፣ በዳሩም ላይ ቀጥተኛውን መስመር ያጎብጣል፤ ይህን ጉድለት ለማረም ሦስት ሌንሶች ተጣብቀው አንድ ሆነው የተሠሩበት ሉፕ አለ፣ የአልማዝ መርማሪዎችም በዓለም ሁሉ በመለኪያነት የሚይዙት ይህንኑ ባለ ሦስት ሌንስ 10 እጥፍ ነው። ቀራጭ በእርሱ የሚያየው በመጀመሪያ የመቅረጫውን ጫፍ ነው። የተሳለ ጫፍ ወደ ብርሃን ሲያዘነብል ምንም ነጸብራቅ አይሰጥም፤ ጥቂት እንኳ ከተሰበረ ወይም ከደነዘ በጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ትታያለች፤ እርሷ ከታየች መቅረጫው ወደ ድንጋዩ መመለስ አለበት፣ አለዚያ ጭረቱ አንጸባራቂ በመሆን ፈንታ ሻካራና ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ይህ ምርመራ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፣ ብዙ ሥራም ያድናል፤ ልጅ ከእያንዳንዱ ስም በፊት ያድርገው።

የሉፑን ጥራት ለመፈተን በአገራችን አንጥረኞች እጅ ያለ ጥሩ መለኪያ አለ፤ እርሱም 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ይህ ብር 28 ግራም ያህል እየመዘነ፣ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ሆኖ፣ ለረጅም ዘመን የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ ነበር፤ ብዙ አሮጌ መስቀልም እርሱ ቀልጦ የተሠራ ነው። ሰዎች ትክክለኛውን ለመለየት በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ከምስሉ ግርጌም "ኤስ" እና "ኤፍ" የተባሉ ሁለት ጥቃቅን የላቲን ፊደላት አሉ። ጥሩ ሉፕ ዕንቁዎቹን እያንዳንዳቸውን ክብ አድርጎ፣ ሁለቱን ፊደላትም ያለ ቀለም ጠርዝ ያሳያል፤ መጥፎው ግን በመካከሉ ብቻ አጥርቶ በዳሩ ዕንቁዎቹን እንቁላል ያስመስላቸዋል። የምኒልክን ብር ማግኘት የሚችል ደግሞ የአንበሳውን ጋማ ይመልከት፤ በ1887 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ይህ ገንዘብ ቅርጹ የተሠራው በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ዋና ቀራጭ በነበረው በዣን ላግራንዥ እጅ ነው፣ የጋማው ጠጉርም አንዱ ከሌላው ሳይነካካ እንዴት እንደሚፈስ ማየት ለወጣት ቀራጭ ከብዙ ቃል በላይ ያስተምራል።

በሣጥን ላይ የተጻፈ ቁጥር እውነት መሆኑን ልጅ በቤቱ ሊለካ ይችላል። ክፍሉን አጨልሞ አንድ መስኮት ብቻ ይክፈት፤ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ ሉፑን በወረቀቱ ፊት ይያዝና ቀስ እያለ ያቅርብ፣ ያርቅ። በአንድ ቦታ ላይ የእንጦጦ ሸንተረር ከነባሕር ዛፉ ተገልብጦ፣ በጣም አንሶ፣ ግን ጥርት ብሎ በወረቀቱ ላይ ይወድቃል፤ በዚያን ጊዜ ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለው መጠን የትኩረት ርቀቱ ነው፣ 25ን ለእርሱ ማካፈልም እውነተኛውን ኃይል ይነግራል። ፀሐይን በቀጥታ በዚህ መንገድ መሞከር ወረቀት ያቃጥላል፣ ዓይንም ይጎዳል፤ ተራራው ይበቃል። 30 እጥፍ ተብሎ የሚሸጥ፣ ወርዱ 21 ሚሊ ሜትር የሆነ ሉፕ እውነት 30 እጥፍ ቢሆን የትኩረት ርቀቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ብዙ ባልበለጠ ነበር፤ ከትኩረት ርቀቱ ከእጥፍ በላይ የሚሰፋ እንዲህ ያለ ሌንስ ደግሞ ጥርት ያለ ምስል አይሰጥም። ሲለካም ብዙውን ጊዜ ከ10 እጥፍ የማይርቅ ሆኖ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ገንዘብ አይጥፋ።

ከዚህ ከፍ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንዱ የቀዶ ሕክምናና የጥርስ ሐኪሞች የሚያደርጉት፣ በመነጽር ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች የተተከሉበት ነው፤ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ከአንድ በላይ ሌንስ ስላለ፣ 2.5 ወይም 3 እጥፍ እያጎላ እንኳ ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሠራል፣ ሰውየውም ወገቡን አቅንቶ ይቀመጣል። ገንዘብ ሲገኝ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ስፋትና የሥራው ርቀት በተገልጋዩ ልክ መለካት ስላለበት፣ ለሌላ ሰው ተለክቶ የተሠራውን መግዛት ራስ ምታት መግዛት ነው። ሁለተኛው በሁለት ዓይን የሚታይበት የጠረጴዛ ማይክሮስኮፕ ነው፤ በመገናኛ አካባቢ የሞባይል ጠጋኞች በእርሱ ሲሠሩ ልጅ ቆሞ ቢመለከት፣ እጃቸው ከማይክሮስኮፑ በታች እንደ ልብ ሲንቀሳቀስ ያያል። ለቀራጭም መልካም ነው፤ ሆኖም ቀራጭ ሥራውን በመቅረጫው ስር ማዞር ስላለበት፣ ማይክሮስኮፑ ቆሞ ሥራው የሚዞርበት ከባድ መያዣ፣ ከፍታው የሚስተካከል ወንበርና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይጠይቃል፤ እነዚህ ሳይሟሉ ማይክሮስኮፕ ብቻውን ቢገዛ አቧራ ይጠጣል። በመጀመሪያው ዓመት አይገዛ።

መነጽር ያለ ብርሃን ከንቱ ነው፤ በየካ ደግሞ የብርሃን ነገር የራሱ ጠባይ አለው። በአውሮፓ የተጻፉ የሙያ መጻሕፍት ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበትን የሰሜን መስኮት ይመክራሉ፤ አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትቆማለች። ክረምቱ ደመና ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን በሰሜን መስኮት ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ መጋረድ አለበት፣ ምክንያቱም የተወለወለ ብር የፀሐይን ጨረር እንደ መስታወት መልሶ ስለሚወረውር ጭረቱን ይሰውረዋል። በቀሪዎቹ ወራት የሰሜን መስኮት ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል፤ ከመስኮቱ አጠገብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ግን ጥላው እየተወዛወዘ ዓይንን ስለሚያደክም ወይ ቅርንጫፉ ይቆረጥ ወይ ጠረጴዛው ይዛወር። መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ስለማይቀር በባትሪ የሚሠራ መብራት ይኑረው፤ በመብራቱ ፊትም ዘይት የተቀባ የሚመስለውን ስስ የንድፍ ወረቀት ይጋርድበት፣ ቀኝ እጁ የሚሠራ ስለሆነም መብራቱን በግራው፣ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠው፤ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን የቦዩን አንድ ግድግዳ እያበራ ሌላውን ያጠላበታልና ጥልቀቱ ጎልቶ ይታያል።

ማጉያ መነጽር የዓይንን ሕመም አይፈውስም። ሁለቱ ዓይኖች በኃይል የሚለያዩ ከሆነ ወይም የዓይን ብሌን ቅርጽ መዛነፍ ካለ፣ ሉፕ ያንኑ የተዛነፈ ምስል አጉልቶ ያሳያል እንጂ አያቃናውም፤ ስለዚህ ምንም ከመግዛቱ በፊት ልጅ ዓይኑን ያስመርምር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። የሐኪም መነጽር ከታዘዘለት፣ በራስ ላይ የሚታሰረው ማጉያ ከመነጽሩ በላይ የሚደረብ ዓይነት መሆን አለበት። ዛሬ በወጣትነቱ ዓይኑ በቅርብ ያለውን ነገር ያለ ችግር ስለሚያይ፣ ሥራውን ከትኩረት ርቀቱ ይበልጥ አቅርቦ መሥራት ይቀናዋል፤ ይህ ግን በዓይን ውስጥ ያለውን ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ያስጨንቃል። ትክክለኛው አያያዝ ወደ ሩቅ እንደሚያይ ሰው ዓይንን ዘና አድርጎ፣ ራስን ከሥራው ቀስ እያሉ በማራቅ፣ ምስሉ ሳይደበዝዝ የሚቆይበት የመጨረሻ ቦታ ላይ መቆም ነው። በየሃያ ደቂቃውም ቀና ብሎ የእንጦጦን ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ይመልከት። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርብ እይታ ለሁሉም ሰው ይደክማል፤ በዚያን ጊዜ ኃይሉን በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይበቃል፣ የዕድሜ ነውር የለውም።

ስለ አያያዙ ጥቂት ይበቃል። የብር ፍቅፋቂ በሌንሱ ላይ ተቀምጦ ሳለ በነጠላ ጫፍ መጥረግ ሌንሱን መቧጨር ስለሆነ፣ አስቀድሞ በትንፋሽ ሳይሆን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠረግ። የፕላስቲክ ሌንስ ቀላል ቢሆንም በአንጥረኛ ቤት ፈጥኖ ስለሚቧጨር መስታወት ይመረጣል። በክረምት እርጥበት በሌንሶች ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ማታ ማታ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይደር። በእንጦጦ ስር ያለ ቤት ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ትንፋሽ መነጽሩን ያጨፈግገዋል፤ ክፍሉ እስኪሞቅ መቅረጫ መሳል ለዚያ ሰዓት የሚሆን ሥራ ነው።

እንግዲህ ልጅ በመጀመሪያ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሠራ፣ በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ በራስ ላይ የሚታሰር የመስታወት ማጉያና አንድ ጥሩ መብራት ይግዛ፤ ቀጥሎ ባለ ሦስት ሌንስ 10 እጥፍ የኪስ ሉፕ፤ የቀረው የሥራው ገቢ ሲፈቅድ ይደርሳል። ሊገዛ ሲሄድ መቅረጫውንና አንድ ቁራጭ ናስ ይዞ ይሂድ፣ መነጽሩን በራሱ ላይ አስሮ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ "ሚካኤል" የሚለውን ስም በ2 ሚሊ ሜትር ፊደል በናሱ ላይ ይቅረጽ፣ የ"ኤ"ን ቀለበትም በኪስ ሉፑ ይመርምር። ሻጩ ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ከሆነ አመስግኖ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ።